በመብራቱ ዙሪያ የነበረው ቀለበት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ እሱም የሌላ ሰው ቃል ነው፤ ጎረቤቶቻችን ይነግሩኛል፣ እኔ አሰፍራለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል፣ በጎንደር ገጠር ነው። ዕብራይስጥ የለመድኩት እዚህ መጥቼ በሥራ ላይ ነው። ፊደላችንን ግን አልረሳሁም። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያቅተኛል፤ ሦስት ሰው ካየኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ወረቀት አያይም፤ ስለዚህ ልሞክር።

ልጽፍ የፈለግሁት አባቴ ዓይናቸው እንዴት እንደ ጠፋና እኔ በዚያ ውስጥ ምን እንዳደረግሁ ነው።

እኛ ቤት ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ አባቷን ቀና ብላ አታይም። ማንም ተቆጥቶ አላስተማረኝም፤ እናቴ ስታደርግ አይቼ ያደረግሁት ነው። እጃቸውን ሳስታጥብ የማየው ውሃውን ነው። ምግብ ሳቀርብ የማየው ትሪውን ነው። ሲጠሩኝ «አቤት» ብዬ ቆሜ የማየው እግራቸውን ነው። እግራቸውን በደንብ አውቀው ነበር፤ የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር በሬ ረግጦት ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ድምፃቸውን ከመቶ ሰው መካከል እለያለሁ። ስለ ዓይናቸው ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ብትጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

እናቴ የሞተችው አዲስ አበባ ነው፣ አውሮፕላን ስንጠብቅ። መንደራችንን ጥለን ወጥተን በኪራይ ቤት ስንከርም ሳል ያዛት፣ ሳሉም አልለቀቃትም። መውጣቱን አልፈለገችውም ነበር። «እኔን እዚሁ ቅበሩኝና እናንተ ሂዱ» ትል ነበር። «ኢየሩሳሌም እያለች እዚህ አንሞትም» ብለው ያስነሷት አባቴ ናቸው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም። ጠዋት ሲጸልዩ ግን፣ ግድግዳው ስስ ነውና፣ «ደግ ሠርቼ እንደ ሆነ ምልክት ስጠኝ» ሲሉ እሰማለሁ። በየቀኑ ይሉታል። ለቅሶ የለበትም፤ ፊት እንደ መታጠብ ያለ የጠዋት ሥራቸው ሆኖ ነበር።

ቤር ሸቫ ከተማ ገብተን መጀመሪያ በካራቫን፣ ለአዲስ መጪ በተዘጋጀ የቆርቆሮ ቤት፣ ተቀመጥን፣ ኋላም ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ገባን፤ እኔና አባቴ ብቻ። እኩዮቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄዱ። እኔን ልትወስድ ከትምህርት ቤቱ የመጣችውን ሴትዮ አባቴ «ትሂድ» ብለዋት ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ማን ያበስልላቸዋል? ማን ውሃ ያቀብላቸዋል? እንዲሁ ቤት ተቀምጬ ስቆይ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ እማማ ጉልበታቸው ታመመና የጽዳት ሥራቸውን ለእኔ አወረሱኝ። ሥራው ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ አንድ የመስታወት መቁረጫ ሱቅ ነበር።

የሱቁ ባለቤት በልጅነቱ ከቱኒዝያ የመጣ ሽማግሌ ነው። የግራ አውራ ጣቱ ጫፍ የለም። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እለው ነበር፤ በዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለ በልቤም አንተ እያልኩት ቀረሁ። እሱ ደግሞ ሴቱን ሁሉ «ማሚ» ብሎ ነው የሚጠራ።

«ማሚ፣ ደምተሻል?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን ሱቁን ስንዘጋ።

«አልደማሁም።»

«እንግዲያው ገና አልተቀጠርሽም።»

በአራተኛው ቀን ስብርባሪ ሳነሳ መዳፌን ቆረጠኝ። ባለቤቱ እጄን በውሃ እያጠበልኝ አንገቱን ወደ መንገዱ አወጣና፣ ከጎናችን የዱባ ፍሬ ለሚሸጠው ሰው «ዛሬ ተቀጠረች!» ብሎ ጮኸ። ሰውየውም ከሱቁ ወጥቶ «ማዛል ቶቭ!» አለኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ማለቱ ነው። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መጀመሪያ ወለል ብቻ እጠርግ ነበር። ቆይቶ መወልወልና ጠርዝ ማለስለስ አስተማረኝ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ሳይ ብውል አልጠግብም ነበር። ንጹሕ የመስኮት መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ የለም ማለት ይቻላል፤ ብርሃኑ ያልነካው ይመስል ያልፈዋል። በጠርዙ በኩል ስታዩት ግን እንደ ጥልቅ ውሃ አረንጓዴ ነው። አሸዋ ተነፍቶበት ፊቱ የሻከረው፣ ሰዎች ለመታጠቢያ ቤት የሚገዙት፣ ብርሃኑን ያስገባና ሰውየውን ያስቀረዋል፤ ከወዲያ የቆመው ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። እርጥብ ጨርቅ ብታሳርፉበት ጭጋጉ ጠፍቶ ሰው ብቅ ይላል፤ ውሃው እስኪደርቅ ነው ታዲያ። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ጥቁር ቆርቆሮ ደግሞ ብርሃኑን በልቶ ሙቀት ብቻ ያስቀራል። ፊት ማያ መስታወትም ያው ተራ መስታወት ነው፤ ብርሃኑን የሚመልሰው ከጀርባው የተቀባው ብር ነው።

ጥቁር ነጠብጣብ የበላው አሮጌ መስታወት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን በሳሙና፣ በኮምጣጤ፣ በጋዜጣ ስፈትግ አረፈድኩ። ባለቤቱ ሲያየኝ ቆየና መጥቶ አገላበጠው። ጀርባው እንደ አመድ ተቀርፏል።

«ፊቱ ምንም አልሆነም፣ ማሚ። የሞተው በጀርባው በኩል ነው። ከፊት ሆነሽ እስከ ፋሲካ ብትፈትጊው ምን ይጠቅማል?»

ጠርዝ የሚሞርደው ድንጋይ ውሃ እየፈሰሰበት ነው የሚዞር። ጠርዙን አጋድመን የሞረድነውን መስታወት በመስኮቱ አጠገብ ስናቆመው ግድግዳው ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ይወድቃል። ደስ ስላለኝ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ጥያቄ መጠየቅ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

«ብርሃን መንገዱ ከተመቸው ዝም ብሎ ያልፋል» አለኝ። «ቀለም ካየሽ አንድ ነገር አሰናክሎታል።»

ይህን ሁለት ነገር፣ የጀርባውንና የቀለሙን፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ነበር ልል አልችልም።

ዓርብ ዓርብ ሱቁ በቀትር ይዘጋል። አባቴ ገበያ ደርሰው ሊወስዱኝ ይመጡ ነበር። አንድ ዓርብ ከበሩ ትይዩ፣ ራሞት በሚባለው ሰፈር ላለ ቤት የተዘጋጀ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊት ማያ መስታወት ቆሟል። እኔ ከኋላ ጠርዝ እያደረቅሁ ነበር። አባቴ ገቡ፣ ቆሙ፣ ኩታቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያም ጎንበስ ብለው «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ» አሉ። መልስ የለም። ደግመው ጎንበስ አሉ። ያኛውም ጎንበስ አለ።

ባለቤቱ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ማሚ፣ ነይ እዪ! አባትሽ እንደሳቸው ያለ ጨዋ አገኙ። ሁለቱም ቀድመህ እለፍ እየተባባሉ ሰንበት ሊገባባቸው ነው!»

አባቴ ቃሉ ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው። «ምነው ይህ ሽማግሌ ኩሩ ነው» አሉ፤ «እኔ ሁለት ጊዜ እጅ ስነሳ እሱ አፉን አይከፍትም።» ራሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ግን ክርኔን ያዙ። ከዚያ በፊት አባቴ ክርኔን ይዘው አያውቁም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከቁርጥራጩ ክምር ሁለት መዳፍ የሚያህል መስታወት ለምኜ ወደ ቤት ወሰድኩ። ከወጥ ቤታችን ዕቃ ማጠቢያ በላይ ሰቀልኩት። ለአባቴ ፀጉሬን ላይበት ነው አልኳቸው። ሰሃን ሳጥብ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ሳሎን የተቀመጡትን አባቴን በእሱ አያቸው ነበር። በመስታወት ማየት ቀና ብሎ ማየት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የአባቴን ፊት የተማርኩት በዚያ ዓይነት ነው። ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ሲያስቡ የታችኛውን ከንፈራቸውን ወደ ውስጥ እንደሚስቡ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ልክ እኔ እንደማደርገው። ዓይናቸውንም አየሁ። የቀኙ መካከሉ ነጭ ሆኗል፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ውስጥ አይገባም፣ እላዩ ላይ ይበተናል፣ እንደዚያ እንደ ሻከረው መስታወት። የግራው ጥቁርና ጥርት ያለ ነበር። የመስታወት ሠራተኛ ስለ ሆንኩ ያወቅሁ መሰለኝ። የታመመው ነጩ ነው፣ ጥርት ያለው ደህና ነው አልኩ።

ስለ ቀለበቱ የነገሩኝ በዚያው ሰሞን ነው። ጀምበር ጠልቃ የመንገዱ መብራቶች ሲበሩ አባቴ በረንዳ ላይ ቆመው ነበር። እኔ ልብስ ከገመድ አወርዳለሁ።

«ታይዋለሽ?» አሉኝ።

«ምኑን፣ አባባ?»

«በመብራቱ ዙሪያ ያለውን። ቀስተ ደመናውን።»

እኔ የማየው ቢጫ መብራትና የሚዞሩትን ትንኞች ነው።

«ቀዩ ከውጭ ነው፣ ሰማያዊው ከውስጥ» አሉ። «ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። እግዚአብሔር ለኖኅ ሰማይ ላይ አንድ አደረገለት፤ ለእኔ በየምሰሶው አደረገልኝ።» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ስለ እናትሽ ጠይቄው ነበር። መለሰልኝ። ለሰው እንዳትናገሪ፤ ለሰው የተነገረ ምልክት ይነሳል።»

ግንባራቸውን በሻሽ አስረው ነበር። ቀስተ ደመናው የመጣ ቀን ግንባራቸውን እንደሚያስሩ ያኔ ገባኝ። የሱቁ ግድግዳ ላይ የሚወድቀው ቀለም ትዝ አለኝ፤ ትዝ ያለኝን ገፋሁት። አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ባለ ድምፅ ተናግረው አያውቁም። ልብሱን አጥፌ ገባሁ።

ነጩን ዓይን ለማሳየት ግን ወደ ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈራችን ክሊኒክ፣ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ከሩሲያ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር፤ ዕብራይስጡ ከእኔ አይሻልም። ሁለታችንም በሰው ቋንቋ ላይ እንደ እርጥብ ወለል ቀስ እያልን እንራመድ ነበር። ደግ ሰው ነበር፣ አልቸኮለም። ነጩን ዓይን በትንሽ ባትሪ አየና «ሞራ ነው፣ ይወጣል» አለ። ከዚያ ግራውን አየ፣ ረጅም ጊዜ። ዓይናቸውን አስጨፍኖ በሁለት ጣቱ ሽፋኑን ጫን ጫን አደረገው። ፊቱን ቋጠረ። ወረቀት ስቦ መብራት ሳለ። በመብራቱ ዙሪያ ክብ ሳለ፣ በክቡ ዙሪያ ሌላ ክብ። ብዕር ቀየረና የውጭውን ቀይ አደረገው።

«እንዲህ ያያል?» አለኝ። «ሲመሽ፣ መብራት ላይ? ግንባሩን ያመዋል?»

ሥዕሉ ግልጽ ነበር። ቋንቋ አላሳሳተኝም።

የአባቴን ጫማ እያየሁ ተረጎምኩ። «አባባ፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያያሉ ወይ ይላል። ግንባርዎን ያምዎታል ወይ ይላል።»

«ማን ነገረው?» አሉ አባቴ።

«ማንም አልነገረውም፣ አባባ።»

«አይ በይው። ምን አገባው?»

«አባባ፣ ምናልባት ለዓይንዎ…»

«አይ በይው አልኩሽ።»

«ሎ» አልኩት ሐኪሙን፤ አይ ማለት ነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «አንቺስ? ቤት አብረሽው ነሽ። ግንባሩን ሲይዝ አይተሻል? ስለ መብራት ሲናገር ሰምተሻል?»

ይህን ጥያቄ ለአባቴ መተርጎም አያስፈልግም ነበር። ለእኔ የተጠየቀ ነው። አባቴ ግን አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሴት ልጅ አባቷን ባዕድ ፊት ሐሰተኛ አታደርግም። ደግሞም ቀለበቱ በሽታ ከሆነ እናቴ ያለ መልስ ቀረች ማለት ነው። «ሎ» አልኩ ሁለተኛ።

«አዎ ቢሆን ዛሬውኑ ሆስፒታል እልካችሁ ነበር» አለ ሐኪሙ። «እንግዲያው ተራ ይጠብቃል።»

ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። በሩ እስኪከፈት፣ አባቴ እስኪነሱ፣ ኩታቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ሐኪሙ ለዓይን ሐኪም የሚሆን ደብዳቤ ሰጠኝ። ተራው የሚደርሰው ከአራት ወር በኋላ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ከመንገድ ብርቱካን ገዝተው ሰጡኝ።

ተራችን ሊደርስ አምስት ሳምንት ሲቀረው ነው ሕመሙ የመጣው። ዓርብ ነበር። ከቀትር ጀምሮ የአሸዋ ነፋስ ሰማዩን ሸፍኖት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀይ አልነበረችም፤ ነጭ ሆና ነው የወረደችው። የሰንበትን መብራት አብርቼ ስዞር አባቴ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አስመለሳቸው። ግራ ዓይናቸው ደም መስሏል። ያን ጥርት ያለውን ዓይን ማለቴ ነው።

ከታች ያሉት እማማ ጩኸቴን ሰምተው በዚያ ጉልበታቸው ደረጃውን ወጡ።

«ታክሲ እንጥራ» አሉ።

«ሰንበት ገብቷል» አሉ አባቴ ከመሬት። «መኪና አልሳፈርም።»

«ነፍስ ለማዳን ይፈቀዳል ይላሉ እዚህ ያሉት ረቢዎች።»

«እንግዲያው እነሱ ይሳፈሩ።»

«ግትር!» አሉ እማማ። «ከእግዜር ጋር ክርክር የገጠሙ ይመስል!» እያለቀሱ ነበር የሚቆጡት። በእግር እንዳንወስዳቸው መቆም አልቻሉም። አስገድዳቸው ዘንድ ወንድ ልጅ አልነበርኩም፤ ወንድ ብሆንም እችል እንደ ነበር አላውቅም። ሌሊቱን በሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ግንባራቸውን ይዤ አደርኩ፣ ቀኑንም እንዲሁ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ወጥቶ ሰንበት እንዳበቃ እማማ ታክሲ አስቆሙ።

በሆስፒታሉ ያየቻቸው ሐኪም ሴት ናት። ኋላ ከመጋረጃው ውጭ ወስዳ ቀስ ብላ ነገረችኝ። በዓይን ውስጥ ውሃ አለ፤ መውጫው ሲዘጋበት ይጠራቀማል፣ ይጫናል። የዓይኑ ፊት በጥቃቅን ጠብታ ያብጣል፤ የመብራት ብርሃን በዚያ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ይሰበርና ቀለበት ይሆናል። ውሃው እየተጫነ ከቆየ ደግሞ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ጅማት ይሞታል። የሞተው አይመለስም።

«ቀለበቱ በታየ ጊዜ ቢመጡ፣ ትንሽ ቀዳዳ እናበጅለት ነበር» አለች። «ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። በብርሃን ነው የምንበሳው።»

«በብርሃን?» አልኩ።

«በብርሃን።» አየችኝ። «ስለ ቀለበቱ ማንም ጠይቋችሁ አያውቅም?»

ዓይኔን ወደ ጫማዋ አወረድኩ። ዕብራይስጥ ያልገባኝ መሰላት። ትከሻዬን ነካ አደረገችና «ለአባትሽ ንገሪው፤ ቀለበቱ የሕመሙ ምልክት ነበር» አለች።

ወደ መጋረጃው ውስጥ ተመለስኩ። አባቴ ዓይናቸው ታሽጎ ጋድም ብለዋል።

«ምን አለች?»

«የዓይንዎ ውሃ በዝቶ ነው አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ አባባ።»

ግራው ዓይን ጠፍቶ ቀረ። የቀኙን በዚያው ሰሞን በብርሃን በሱት፤ ከወራት በኋላ ሞራውን አወጡለት። እማማና እኔ የዶሮ ወጥ ሠርተን ጠበቅን። ማሸጊያው ሲነሳ ግን ከሞራው ጀርባ ቀድሞ የሞተ ነገር ኖሮ፣ መስኮቱን ከግድግዳው ከመለየት በቀር የቀረላቸው አልነበረም።

ለሱቁ ባለቤት ነገርኩት። ሌላ ሰው አልነበረኝም። የሞረድ ድንጋዩን አጥፍቶ ሰማኝ፤ አንድም ቀልድ አልቀለደም።

«ሎ ማለትሽን ንገሪያቸው» አለኝ መጨረሻ ላይ። «ሳይነግሩ መኖር ከባድ ነው።»

«ቀለበቱ በሽታ እንደ ነበርስ ልንገራቸው?»

የሌለውን የጣቱን ጫፍ አሻሸ። «እሱን አትንገሪ።»

«ያለሱ ያኛው አይነገርም።»

«አይነገርም» አለ፣ ድንጋዩንም መልሶ አስነሳው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ጠዋት ሲጸልዩ ምልክት ስጠኝ ማለት ትተው ነበር፤ ተሰጥቷቸዋልና። በቀረቻቸው ብርሃን ግን ሰስታም ሆኑ። በረንዳ ላይ ወደ ፀሐይ ዞረው ይቀመጡና ነጠላ ፊታቸው ላይ ይጥላሉ፤ አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት። ብርሃኑ በስንተኛው እጥፍ እንደሚጠፋ ይመዝናሉ። ምን እንደሚሠሩ አልነገሩኝም፤ ከወጥ ቤት ሆኜ ገባኝ። በመጀመሪያው በጋ አራት እጥፍ ድረስ ይሄዱ ነበር። በክረምቱ ሁለት ሆነ። በሁለተኛው ዓመት አንዱን ጥለው ወዲያው ያነሱታል። ኋላ ነጠላውን ትተው በእጃቸው ብቻ ጋረድ ገለጥ፣ ጋረድ ገለጥ ያደርጋሉ። እኔም አብሬ እቆጥር ነበር። አሁን ፊት ለፊት ላያቸው እችል ነበር፣ ማን ይከለክለኛል፤ አንገቴ ግን አልታዘዝ አለኝ።

የሞቱት በሚያዝያ ነው። እማማ በዚያ ጉልበታቸው አውቶቡስ ተሳፍረው ሱቁ ድረስ መጡ። ከበሩ ቆመው ነጠላቸውን እንዴት እንደ ለበሱ ሳይ፣ ሳይናገሩ አወቅሁ። ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ነው፣ ሕመም አልነበራቸውም አሉኝ። ባለቤቱ እጄ ላይ የነበረውን መስታወት ቀስ ብሎ ወሰደልኝ።

በዚያው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ወንበራቸውን በረንዳ ላይ አውጥቼላቸው ነበር። አባቴ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን አቀኑ። በእጃቸው አልጋረዱም። ፊታቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ፣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

«ፀሐይ ወጥታለች?» አሉኝ።

እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ከዚያ በፊት መጠየቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። ፀሐይዋ ሙሉ ነበረች። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ዓይኔን ይወጋኛል፤ ጉንጫቸው ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ እጃቸው ላይ ሁሉ አለች። አዎ ካልኩ የመጨረሻዋ ብርሃናቸውም እንደ ሄደች ያውቃሉ።

«ደመና ነው፣ አባባ» አልኩ።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ገለበጡ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ። ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ ያዙት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደህና» አሉኝ። «ደመና ነው ካልሽ፣ ደመና ነው።»